በክርክር ጊዜ የቃልን ሚዛን ስለ መጠበቅ

ሰውን ፈጥሮ መናገርን ላስተማረው፥ ሰማይንም ከፍ አድርጎ ሚዛንን ላኖረ ለአላህ ምስጋና ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! የጎረቤት ሐቅ፥ የወላጅ ሐቅ፥ የእንግዳ ሐቅ፥ የቅጥር ሠራተኛ ሐቅ በየጁምዓው ኹጥባ ሲነገር ሰምተሃል። ነገር ግን በሐሳብ ከአንተ የተለየ፥ በሱቅህ ደጃፍ ወይም በመስጊድህ ግቢ ቆሞ «የለም፤ ተሳስተሃል» የሚልህ ሰው በአንተ ላይ ምን ሐቅ እንዳለው የነገረህ አለን? አብዛኛው ሰው ተከራካሪውን እንደ ዳገት ይቆጥረዋል፤ ወጥቶ ሊያልፈው እንጂ አንዳች ሊከፍለው አያስብም። እኔ ግን እልሃለሁ፤ ተከራካሪህ ከአንተ ዘንድ የሚጠይቀው ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ገንዘቡም የተናገረው ቃል ነው። ቃሉን በጆሮህ ተቀብለሃልና፥ ስትደግመውም ሆነ ስትመልስለት ሳታጎድል ልትሰፍርለት ይገባሃል።

ይህ ነገር ግልጽ ይሆንልህ ዘንድ በምታውቀው ሥራ እንጀምር። በቁርኣን ውስጥ ስለ ሚዛን አጉዳዮች የምትናገር፥ በእነርሱም ስም የምትጠራ ምዕራፍ አለች፤ እርስዋም ሱረቱል ሙጠፊፊን ናት። የምትወቅሳቸውም ሰዎች ከሌላው ሲቀበሉ አሟልተው የሚያሰፍሩ፥ ለሌላው ሲሰፍሩ ወይም ሲመዝኑ ግን የሚያጎድሉ ናቸው። ልብ በል፤ ሰውየው መስፈር አያውቅም አልተባለም። ለራሱ ሲሆን አሳምሮ ያውቃል። የተወቀሰው ሁለት መስፈሪያ በመያዙ ነው። ዐረቦች ለዚህ ሥራ «ተጥፊፍ» የሚል ስም የሰጡትም ጥቂትና ኢምንት ነገርን ከሚያመለክት ቃል አውጥተው ነው፤ ከአንድ ኩንታል ማሽላ ላይ ግማሹን የሚሰርቅ ነጋዴ የለምና። ወንጀሉ ከጣሳው አፍ ላይ በመዳፍ ጠረግ የምትደረገዋ ናት።

አሁን ይህንኑ በቃል ላይ ተመልከተው። እኔ ስናገር ሰው ሁሉ ቃሌን ከነሐሳቤ፥ ከነምክንያቴ፥ ከነድካሜ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌላው ሲናገር ግን ቃሉን ብቻዋን ገፍፌ እይዛታለሁ። እርሱ «አንዳንድ ጊዜ» ያለውን እኔ «ሁልጊዜ» አደርገዋለሁ። አምስት ማስረጃ ቢያቀርብልኝ አራቱን ብርቱዎች ትቼ ደካማዋን አንዲቱን እመታለሁ፤ እርስዋም ስትወድቅ አምስቱም ወደቁ ብዬ እነሣለሁ። የእኔ ቁጣ ለሃይማኖት መቆርቆር ነው፤ የእርሱ ቁጣ ብልግና ነው። የእኔ አንደበት ሲስት «ከአፍ አመለጠኝ» ነው፤ የእርሱ ሲስት ግን «በልቡ የነበረውን አወጣው» ይባላል። ይህ ሁሉ ከጣሳው አፍ ላይ የተጠረገ ማሽላ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? በድሬዳዋ በከፊራ ገበያም ሆነ በሁርሶ ባለች አንዲት ሱቅ ከወንድሙ ሩብ ኪሎ ስኳር ማጉደልን እንደ እሳት የሚፈራ ሰው፥ ከወንድሙ ቃል ላይ ግን በየቀኑ ሲያጎድል ይውላል፤ ማታም ተኝቶ እንቅልፍ አያጣም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ነቢያችን (ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) በገበያ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት አገኙ። ባለእህሉን ስለ ምክንያቱ ቢጠይቁት ዝናም እንደ መታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች ያዩት ዘንድ እርጥቡን ከላይ ማድረግ ይገባው እንደ ነበረ ገሠጹት፤ የሚያታልልም ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁት። ሙስሊም በጽሑፉ የዘገበው ይህ ታሪክ ለጥራጥሬ ነጋዴ ብቻ የተነገረ አይምሰልህ። በክርክር የሚቆም ሰው ሁሉ ክምር አለው፤ ደረቁን ማስረጃ ከላይ፥ እርጥቡን ከሥር ያደርጋል። ደካማ መሆኑን የሚያውቀውን ነገር በጩኸት ይሸፍነዋል። ድምፅ የሚጎላው ብዙ ጊዜ ማስረጃው በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ይህን በየስብሰባው ብትታዘብ ታገኘዋለህ።

ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ፥ በሂጅራ በ150 ዓመት በባግዳድ ያረፉት፥ የፊቅህ ሊቅ ብቻ አልነበሩም፤ በኩፋ ከተማ ጨርቅ የሚነግዱ ነጋዴም ነበሩ። እንዲህ ተብሎ ይተረካል። ለንግድ ባልደረባቸው ለዐብዱረሕማን ልጅ ሐፍስ ሸቀጥ ሲልኩለት በአንዱ ልብስ ላይ ነውር መኖሩን ነግረው፥ ሲሸጠው ለገዢው እንዲገልጽለት አዘዙት። እርሱ ግን ረስቶ ሳይገልጽ ሸጠው፤ ገዢውም ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ኢማሙ ይህን በሰሙ ጊዜ የሸቀጡን ዋጋ በሙሉ ለሰደቃ አወጡት። እኒህ ሰው በፍርድ ነገር ሲከራከሩም በጨርቅ ላይ የነበራቸውን ጠባይ ይዘው ነበር። ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን በብዙ ነገር ከመምህራቸው ተለይተው ፈርደዋል፤ ልዩነታቸውም በመዝሀቡ መጻሕፍት ውስጥ ሳይሸሸግ ከመምህሩ ቃል ጎን ተጽፎ ይገኛል። የራሱን ተቃዋሚ ቃል ከራሱ ቃል አጠገብ በአንድ ገጽ ላይ የሚያኖር ትምህርት ቤት ነውሩን ለገዢው እንደሚያሳይ ሱቅ ነው።

እኛ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የምንመልስ ሰዎች ስለ ክርክር የተጻፈ ነገር ባጋጠመን ቁጥር አንድ ችግር ይገጥመናል። በአማርኛ «ክርክር» በምንልበት ስፍራ ዐረቦች ቢያንስ ሦስት ቃል አላቸውና ሦስቱም አንድ አይደሉም። «ጀደል» የሚሉት ገመድን አጥብቆ ከመግመድ የመጣ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ገመዱን ወዲያና ወዲህ ጠምዝዘው እንደሚያከርሩት ማለት ነው። «ሚራእ» የሚሉትን ደግሞ የቋንቋ ሊቃውንት የግመልን ጡት ወተት እስክትሰጥ ድረስ እያሹ ከማለብ ጋር ያያይዙታል፤ ይኸውም ሰውየውን እየጎነተሉ እስኪቆጣና ያልፈለገውን ቃል እስኪያወጣ ድረስ ማለብ ነው። ግመል አርቢ በሞላበት አገር ይህን ለማስረዳት አልደክምም! ወተት የሌላትን ግመል የሚያልብ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ርግጫ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ሦስተኛው «ሙናዘራ» ነው፤ ሥሩም «ማየት» ነውና ሁለት ሰዎች አንድን ነገር አብረው ሲመለከቱ ያለውን ሁኔታ ያሳያል። እኛም በአማርኛችን ጭቅጭቅና ንትርክ፥ ሙግትና ውይይት የምንላቸው አሉን፤ ነገር ግን ስንቆጣ አንዱን በሌላው ስም እንጠራለን። «ተወያየን» ብሎ የሚነግርህ ሰው ልብሱ ተቀድዶ ብታየው አትደነቅ።

ኢማም አል ገዛሊ ስለ ሙናዘራ ሲጽፉ አንድ መለያ ሰጥተዋል። እውነትን በክርክር የሚፈልግ ሰው የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው መሆን አለበት፤ የጠፋው በእርሱ እጅ ቢገኝ ወይም በሌላው እጅ ቢገኝ ለእርሱ ልዩነት የለውም ይላሉ። ይህን ወደ ሁርሶ ሜዳ አምጥተህ አስበው። ሁለት ወንድማማቾች የጠፋች ግመላቸውን ፍለጋ አንዱ ወደ ኤረር፥ ሌላው ወደ ሽንሌ ቢሄዱ፥ ወደ ሽንሌ የሄደው ቢያገኛት ወደ ኤረር የሄደው «አፈርሁ፤ ተረታሁ» ብሎ ያለቅሳልን? ግመሊቱን እየነዳ ይደሰታል እንጂ። እንግዲህ አንተ ተከራክረህ እውነቱ በወንድምህ በኩል ሲገኝ ፊትህ የሚጠቁር ከሆነ፥ ስትፈልገው የነበረው ነገር ሌላ እንደ ነበረ ራስህ መስክረሃል።

ይህን ሁሉ ከኩፋና ከባግዳድ ብቻ አላመጣሁልህም፤ ደጅህን ከፍተህ ተመልከት። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፥ በአሮጌው የምድር ባቡር መንገድ ላይ ያለች ስፍራ ናት። ያ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ ከእርሱ ጋር ተወለደች፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በመስመሩ ላይ ሶማሌው፥ ኦሮሞው፥ ሐረሪው፥ አርጎባው፥ ዐማራው፥ ጉራጌው፥ የመኑ ዐረብ በአንድ ገበያ ተገናኘ፤ አንድ ሰው ጠዋት በአንድ ቋንቋ ገዝቶ ከሰዓት በኋላ በሌላው ይሸጣል። ባቡሩ ግን የዳኝነትን ሥርዓት ይዞ አልመጣም። ከሐዲዱ በፊት በዚያ ሜዳ በውኃና በግጦሽ፥ በደምና በጋብቻ ነገር ሰዎች ይከራከሩ ነበር፤ የሚከራከሩበትም ዛፍ ነበራቸው።

የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ «ሔር ኢሳ» ይባላል። በመጽሐፍ ያልተጻፈ፥ በሰዎች ልብና አንደበት ሲወርድ የመጣ ሕግ ነው። ጉባኤው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አርባ አራት አባላት ያሉት ሸንጎ አለው፤ ከበላይም ኡጋስ አለ። ውሳኔውም የሚደረሰው ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ተነጋግሮ በመስማማት ነው። የጅቡቲው ሰው ዐሊ ሙሳ ኢየ ስለዚሁ ሕግ ለጻፈው መጽሐፍ «የዛፉ ፍርድ» የሚል ስም የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በኢትዮጵያ፥ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም ሔር ኢሳን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

እኔን ከዚህ ሕግ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አለመጻፉ ነው። ወረቀት በሌለበት ጉባኤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ለመመለስ ያለው መዝገብ የሰሚው ጆሮ ብቻ ነው። በዚያ የተቀመጠ ሰው የባላጋራውን ቃል አጉድሎ ቢይዝ የጎደለው የባላጋራው ነገር ብቻ አይሆንም፤ መዝገቡ ራሱ ይበላሻል። እኛ ግን ወረቀትና ብዕር፥ ከዚያም አልፎ የድምፅ መቅጃ በእጃችን ሳለ፥ ከአንድ ሰዓት በፊት የተባለውን እንኳ በትክክል አንደግምም። ይህ የጆሮ ጉዳይ ይመስልሃልን? የእግረ ገመል መንገድ በእግሩ ተጉዞ፥ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ የጠላውን ሰው ቃል እስከ መጨረሻው የሚሰማ አርብቶ አደር ከእኛ ይልቅ ጊዜ የተረፈው ሆኖ አይደለም፤ ከብቱ ውኃ ይጠብቀዋል። ሳይሰማ የሄደበት ፍርድ ግን ነገ በደም እንደሚመለስ ያውቃል።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም የቀድሞ ሰዎች ሙግት የራሱ ሥርዓት ነበረው። «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሙግት ሁለቱ ባላጋሮች በዳኛና በሕዝብ ፊት ቆመው በተዋበ ንግግር ይፋለሙ፥ በማርና በበቅሎም ይወራረዱ ነበር። አፍ የሰላለት ሰው ይረታበት የነበረ መሆኑን አልሸሽግህም፤ ለዚህም እኔ ይህን ሙግት እንደ ዛፉ ጉባኤ አላመሰግነውም። ሆኖም በዚያው ዘመን «ቁራኛ» የሚባል ነገር ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው፥ ያለ ወታደር ብቻቸውን ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ መንገዱ ረጅም ሲሆንም በአንድነት ይበላሉ፥ በአንድነት ያድራሉ። ጭካኔ ሊመስልህ ይችላል፤ ጭካኔም አለበት። ነገር ግን አስተውል፤ ሰውየው ባላጋራውን ሲያስነጥሰው አይቶታል፥ ሲጠማውም አይቶታል፥ በጉዞውም ውኃ ሳይሰጠው አልቀረም። ዛሬ የምንከራከራቸውን ሰዎች ብዙዎቹን ፊታቸውን እንኳ አይተን አናውቅም፤ ስማቸውንና አንዲት ቃላቸውን ብቻ ሰምተን እንፈርድባቸዋለን።

የኛ ሙስሊሞች ነገርስ? ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ መጅሊሱ አመራርና ስለ ሃይማኖት አስተምህሮ የተነሣው ልዩነት መስጊዶችን ከፍሎ፥ ብዙዎችን ለእስር ዳርጎ፥ ወንድምን ከወንድሙ ሰላምታ አስቀርቶ እንደ ነበረ የማያስታውስ የለም። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከሁለቱም ወገኖችና ከእነርሱ ውጭ ከሆኑ ሰዎች የተውጣጣ ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ትልቅ ጉባኤ የተለያየ አመለካከት ያላቸው ኡለማዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በአንድነት ሰነድ ላይ ተስማሙ፤ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስም ለጊዜያዊው ምክር ቤት መሪ ሆነው ተመረጡ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጠፋ አልልህም፤ አልጠፋምና። አንድ ነገር ግን ታየ። ለዓመታት አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ከደጋፊዎቹ አፍ የሰማውን ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ቃሉን ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ሰማ።

በዚህ አገር በምሥራቁ ክፍል የሚኖሩት ሙስሊሞች አብዛኛዎቹ የኢማም ሻፊዒይን መዝሀብ ይከተላሉ። ስለ እኒህ ኢማም የሚተረክ አለ። በባግዳድ ከአቡ ሐኒፋ መቃብር አጠገብ የሱብሕን ሰላት ሲሰግዱ፥ በእርሳቸው መዝሀብ የሚደረገውን ቁኑት ተዉት፤ በዚያ ላረፈው ሊቅ ክብር ሲሉ። ደግሞም ዩኑስ አስ ሰደፊ ከሚባለው ሰው ጋር በአንድ ነገር ተከራክረው ሳይስማሙ ከተለያዩ በኋላ፥ ዳግመኛ ሲያገኙት እጁን ይዘው፥ በአንድ ነገር ባይስማሙስ ወንድማማች ሆነው መኖር አይቻላቸውም እንደሆነ ጠየቁት ይባላል። የኢማሙ የልባቸው ስፋት ከየት መጣ ብትል ከነቢዩ ዘመን ነው። በሂጅራ በአምስተኛው ዓመት ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን ወደ በኑ ቁረይዛ ሲልኩ ዐስርን በዚያ እንጂ በሌላ እንዳይሰግዱ አዘዙ። ሰዓቱ በመንገድ ላይ ሲደርስ አንዳንዶቹ «ፍጠኑ ማለታቸው ነው» ብለው በመንገድ ሰገዱ፤ ሌሎቹ ቃሉን እንደ ተነገረ ይዘው እስኪደርሱ ቆዩ። ነገሩ ለነቢዩ ሲነገራቸው ከሁለቱ አንዱንም አልወቀሱም። በሰላት ነገር ሁለት ወገን ሆኖ ያልተወቀሰ ሕዝብ ልጅ፥ በመስጊድ ምንጣፍ ቀለም ተጣልቶ ስድስት ወር ሳይነጋገር ሲኖር ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ስለ ወሬ አመላላሽ አንዲት ቃል ልበል። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው ቀን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፥ ይነግድበታል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከላይ ከተራራው የወረደ ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። ጎርፉን ያመጣው በከፍታው ላይ የጣለው ዝናም ነው፤ በተኙት ሰዎች ራስ ላይ ግን ወረደ። ከአንድ ስብሰባ ተቆርጣ የወጣች ቃልም እንዲሁ ነች፤ በስልክ ወይም በአፍ ከሰው ወደ ሰው ስትሄድ በየመንገዱ ትሞላለች፥ ከተናገራት ሰው ርቆ በተኛው ቤት ላይ ትደርሳለች። ቤተሰብ ያለህ ሰው ሆይ፥ ማታ ከገበያ ገብተህ በማዕድ ላይ የተከራካሪህን ቃል ስታወራ ልጆችህ ይሰሙሃል። አንተ ነገ ከሰውየው ጋር ታርቀህ ሻይ ትጠጣለህ፤ ልጅህ ግን የሰማትን የጎደለች ቃል ይዞ ያድጋል፤ የሰውየውንም ልጅ በትምህርት ቤት ሲያገኘው በእርስዋ ይመዝነዋል።

ምናልባት አሁን አንድ ብርቱ ጥያቄ በልብህ መጥቷል። «አንተ የምትለው ሁሉ እኩዮች ለሆኑ ሰዎች ነው። የተበደለ ሰውስ? ገንዘቡን የተከለከለ፥ መሬቱን የተወሰደበት፥ ሲናገር የሚሰማው ያጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሥርዓት ይናገር ትለዋለህን?» መልካም ጠይቀሃል፤ በዚህ ነገር ብዙ መካሪዎች ይሳሳታሉና ትንሽ እንቆይበት።

አንድ ሰው ከነቢዩ ዘንድ ያበደረው ግመል ነበረውና ሊጠይቅ መጣ። ሲጠይቅም በሻካራ ንግግር ተናገራቸው። ባልደረቦቻቸው ተቆጥተው ሊነሡበት አሰቡ። እርሳቸው ግን ተዉት አሉ፤ ሐቅ ያለው ሰው የመናገር መብት እንዳለው ነገሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ነው። አስተውል፤ የአላህ መልእክተኛ ሆነው፥ የከተማይቱ መሪ ሆነው፥ ሰይፍ ያላቸው ሰዎች ከበዋቸው ሳሉ፥ በመጀመሪያ የሰውየውን አነጋገር አላረሙትም። «እስቲ በሥርዓት ስትናገር እንሰማሃለን» አላሉትም። ዛሬ ግን ይህ ቃል በስንት አፍ ይነገራል! ዕዳውን ሳይከፍል ስለ አነጋገር ሥርዓት የሚያስተምር ባለጸጋ፥ የሠራተኛውን የሦስት ወር ደሞዝ ይዞ «ቀስ ብለህ ተናገር» የሚል የሱቅ ባለቤት፥ ወጣቱ የጠየቀውን ሳይመልስ «ለታላቅ እንዲህ አይባልም» የሚል የኮሚቴ ሽማግሌ፥ እነዚህ ሁሉ ትሕትናን የሚሹት ለሚዛን ሳይሆን ለመክደኛ ነው። እኔ የማምነውን ንገረኝ ካልኸኝ፥ የለሰለሰ አንደበት ዕዳ በሁለቱም ላይ ቢሆንም በእኩል አይደለም፤ ኃይል በያዘው ላይ ይከብዳል። ሙሳና ሃሩን ወደ ፈርዖን ሲላኩ እንኳ ለዚያ አመጸኛ በለሰለሰ ቃል እንዲነግሩት መታዘዛቸውን አውቃለሁ፤ የተበደለም ሰው ልስላሴን ቢይዝ ለራሱ ይሻለዋል፥ ነገሩም ይሰማለታል። ነገር ግን ሳይይዝ ቢቀር ሐቁ አይቀንስም። የሻከረ ቃል ዕዳን አይሰርዝም፤ የአንድ ግመል ዋጋ በጩኸት ምክንያት ወደ ግማሽ ግመል አይወርድም።

እውነት ከእርሱ ጋር ሳለ ክርክርን የተወ ሰው በጀነት ዳርቻ ቤት እንደሚሰጠው በሐዲስ የተነገረው ተስፋም ለዚህ አይጠቀስ። የራስህን ሐቅ ወይም የራስህን ክብር ስለ ወንድማማችነት መተው ላንተ የተሰጠ ነው፤ የሌላውን ሐቅ ግን አንተ ልትተውለት አትችልም። የየቲም ገንዘብ፥ የመስጊድ ወቅፍ፥ የጎረቤት ድንበር በሚነገርበት ስብሰባ ዝም ብሎ «እኔ ክርክር አልወድም» የሚል ሰው የተወው ክርክርን አይደለም።

ከግመሉ ታሪክ የቀረውን ልንገርህ። ነቢዩ ለሰውየው በግመሉ ዕድሜ የሆነች ግመል እንድትፈለግለት አዘዙ። ባልደረቦቻቸው ፈልገው ከእርሱ ግመል የተሻለች እንጂ እኩያዋን እንዳላገኙ ነገሯቸው። እርሳቸውም እርስዋኑ ገዝተው እንዲሰጡት አዘዙ። ሰውየው የሻከረ ቃል ይዞ መጥቶ ከመጣበት የሚበልጥ ግመል እየነዳ ሄደ። በሁርሶ ማለዳ ወተት ይዛ ከገጠር የምትመጣው ሴት ያለፈው ሳምንት የወተት ዋጋ ሳይከፈላት ቀርቶ በሱቅህ በር ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር፥ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ሲያይህ፥ አስቀድመህ መሳቢያህን ክፈትና ገንዘብዋን ቁጠርላት።